ዘጠኝ ሰከንድ

ብርዱ ሲገባ ውድድር የለም። ውድድር ከሌለ ደግሞ የከተማችን ወንዶች የሚይዙት የሚጨብጡት ያጣሉ። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ኤርሜስ ባር ውስጥ ችሎት ይቀመጥ ነበር። ተከሳሹ ሁልጊዜ አንድ የሞተር ሳይክል ሻምፒዮን ነው። ክሱም አይለወጥም፤ "ታላቅ ሳይሆን ታላቅ ተብሏል" የሚል ነው። ከሳሽ ይቆማል፣ ጠበቃ ይቆማል፣ ምስክር ይጠራል፣ መጨረሻ ላይ ቤቱ በሙሉ ይፈርዳል። "ታላቅ ነው" የሚል ሰው ወይኑን ጨልጦ ብርጭቆውን ይደፋል። "አይደለም" የሚል እንደሞላ ይተወዋል። ባለ ባሩ ኤርሜስ የተደፉትን አይቶ ፍርዱን ያሰማል። ወይኑን የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ሻምፒዮን ሲፈረድበት ደስ አይለውም ነበር።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም። በዚያ ባር በአንድ ሻምፒዮን የተነሳ ለሁለት ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። አንዱ ታላቅነት በዋንጫ ብዛት ነው የሚለካው ባይ ነው። ሌላው "ዋንጫውን ተወው፣ ማንን አሸንፎ ነው?" ይላል። በተበላሸ ሞተር ሦስተኛ የወጣ፣ በፋብሪካ ሞተር አንደኛ ከወጣው ይበልጣል የሚልም ነበር። በትንንሾቹ ሞተሮች የተገኘ ዋንጫ እንደ ግማሽ ይታሰብ ብሎ ጠረጴዛ የደበደበም አለ። ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ አንድ ሽማግሌ ደግሞ "ታላቅ ማለት አርጅቶ አልጋው ላይ የሞተ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው" ይሉና ካርታቸውን ይጥላሉ። ያን ጊዜ የሳቸው ነገር ያስቀኝ ነበር።

በ1974 የካቲት ላይ ለችሎት የቀረበው የገዛ ከተማችን ልጅ ሌአርኮ ጓልዲ ነው። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አዲሱን የስፖርት ሜዳ በስሙ ሊሰይም አስቦ፣ ከንቲባው ራሱ "እስቲ መጀመሪያ እናንተ ጋ ይዳኝ" አለ ተባለ። ከሳሹ ፀጉር አስተካካዩ ዴሊዮ፣ ጠበቃው አባቴ ኔሪዮ ነበሩ።

ሰው ሁሉ የሳቀው በዚህ ነው። አባቴ በሌአርኮ የተሸነፈ ሰው ነዋ።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የዚያን ቀን ያደረግኩትን ለመናገር መጀመሪያ ከዚያ በፊት የነበረውን በጋ መናገር አለብኝ።

አባቴ የራሱን ሞተር በራሱ እጅ እየጠገነ የሚወዳደር ሰው ነበር። ፋብሪካ የለውም፣ መካኒክ የለውም። ያለው ውስጡ አልጋ የተሠራለት አሮጌ ሚኒባስና እናቴ ናት። እናቴ ኢሪዴ ሰዓት ትይዝለት ነበር። እንደሱ ላሉ ድሃ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ሰዓት የሚይዙት ሚስቶቻቸው ነበሩ። አንገቷ ላይ ሁለት ሰዓት ታንጠለጥላለች፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለሚከተለው ሰው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስልታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቆርቆሮ ቁጥር ትሰካና፣ እሱ በሚቀጥለው ዙር ፊቷ ሽው ሲል ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች። በዚያ ፍጥነትና በዚያ ጩኸት ውስጥ ነጂው የሚያገኘው ወሬ ያ ብቻ ነው። ዞሮ አያይም። ሰሌዳውን ያምናል። አባቴ "ሁለት ዓይን ፊቴ ላይ አለኝ፣ ሁለቱ ደግሞ ኢሪዴ ጋ ናቸው" ይል ነበር።

እኔ ከጎኗ የጎማ ክምር ላይ እቀመጥና ልዩነቱን ከእሷ ቀድሜ ለማስላት እሽቀዳደም ነበር። ብዙውን ጊዜ እቀድማታለሁ። አንዳንዴ ሆን ብላ የምትዘገይልኝ ይመስለኛል።

ያን ነሐሴ ቼኮዝሎቫኪያ ነበርን። መንገዱ ጫካ ሰንጥቆ የሚያልፍ የገጠር አስፋልት ነው፣ ግራና ቀኙ ግንድ ብቻ። ከሚኒባሳችን አጠገብ ኦላቪ የሚባል ፊንላንዳዊ ተወዳዳሪ ከሚስቱ ጋር ድንኳን ተክሎ ነበር። የቅዳሜ ዕለት እናቴ የሠራችውን ፓስታ አብረውን በሉ። ኦላቪ የኛን ቋንቋ አይችልም። ሹካውን እንደ ሞተር ሳይክል ሳህኑ ዙሪያ እየነዳ፣ መታጠፊያው ላይ በአፉ ማርሽ እየቀያየረ አሳቀኝ። በማግስቱ ውድድሩ ሲጀመር ዝናቡም አብሮ ጀመረ።

አባቴ ይመራ ነበር። ማንም ይህን አልጠበቀም፣ እሱም አልጠበቀም። የፋብሪካ ሞተሮች በዝናቡ ሲንሸራተቱ የእሱ አሮጌ ሞተር ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ነው መሰል መንገዱን ይዞ ቀረ። ሌአርኮ ከኋላው ተጣብቋል።

ውድድሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ኦላቪ ዙሩን ጨርሶ አልመጣም። ሚስቱ ከእኛ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። ድምፅ ማጉያው በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ፤ አንድ ሰውዬ መጥቶ ክንዷን ያዛት። ባለ ተረከዝ ጫማዋን አወለቀችና በእጇ ይዛ ጭቃው ላይ መሮጥ ጀመረች። የሆነ ነገር የረፈደባት መሰለኝ። በስቶኪንግ ስትሮጥ ደግሞ አስቃኝ "እማዬ፣ እያት!" አልኩ። እናቴ አየቻት። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል፤ በዝናቡ የበረዳት መሰለኝ።

ኦላቪ ዛፍ መትቶ እዚያው ነበር የሞተው። ይህን ያወቅኩት አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ አገሩ እንደሄደ ነበር የተነገረኝ።

አባቴ አለፈ፣ ሌአርኮ ተከትሎ አለፈ። ሁለቱን ሰዓቶች አየሁና "አንድ ሰከንድ!" ብዬ ጮህኩ። እናቴ ሰዓቶቹን ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ ዘጠኝን አወጣች።

"እማዬ፣ አንድ ነው እኮ።"

"ዝም በይ።"

"አንድ እኮ ነው፣ እይው—"

"ዝም በይ አልኩሽ፣ ሚርና!"

ዘጠኙን ሰካችው። አባቴ የመጨረሻው ዙር ላይ ሊገባ ሲመጣ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳችው። አየው። ሄልሜቱን ነቅነቅ አደረገላት፤ ትከሻው ሲላላ ከዚያ ርቀት ታየኝ።

በልጅነት አእምሮዬ የገባኝ እንዲህ ነበር። ገበያ ላይ ሻጯ ለምትወደው ደንበኛ በሚዛኑ ላይ አንድ ሁለት ቲማቲም ጣል እንደምታደርገው፣ እናቴም ለአባቴ ከሰዓቱ ላይ ስምንት ሰከንድ ጣል አደረገችለት። ሰከንድ የሚሰጥ ነገር መሰለኝ። እንዴት ብትወደው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ዙሩን ጨርሰው ሲመጡ ሌአርኮ ፊት ነበር፤ በግማሽ ጎማ። በዚያችው ግማሽ ጎማ ሦስተኛውን ዋንጫ ወሰደ።

አባቴ ፊቱ በሙሉ ጭቃ፣ መነጽሩ ያረፈበት ብቻ ነጭ ሆኖ መጣ። ይናደዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን እንደ ሰከረ ሰው ይስቃል። "ዘጠኝ ሰከንድ!" አለ። "በአንድ ዙር! በዚህ ዝናብ! ኢሪዴ፣ ሰውዬው እኮ ሰው አይደለም!" እናቴ ጓንቱን ተቀብላ ውሃውን እየጨመቀች "እርጥቡን ልብስ አውልቅ" ብቻ አለችው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተሩን ሸራ አልብሶ አቆመው። "እንዲህ ያለ ሰው እያለ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?" አለ። የትራክተርና የሞፔድ መጠገኛ ከፈተ።

ባር ውስጥ ግን ሌላ ወሬ ይወራ ነበር። ኔሪዮ ዝናብ ፈርቶ ጋዝ ዘጋ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ ይላሉ። ትምህርት ቤት ልጆቹ "ያባትሽ ሞተር ዣንጥላ አለው?" እያሉ ያበሽቁኛል። እኔም አባቴ በዚህ ወሬ ውስጥ ውስጡን የሚያርር መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ያ የብርድ ወራት በሕይወቱ ሙሉ ከሁሉ ይበልጥ ተደስቶ ያየሁበት ጊዜ ነበር። ሲሠራ ያፏጫል። እናቴን ወጥ ቤት ውስጥ ከነሽርጧ አንስቶ ያስደንሳታል። እሷ "ልቀቀኝ፣ እጄ ዱቄት ነው" ትላለች። ከእሱ በሚበልጥ ሰው ተሸንፏል፤ ነገሩ አልቋል። እንደዚያ ያለ ሰላም ስንቱ ሰው ያገኛል?

ወደ ችሎቱ ልመለስ። ባሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሲጋራ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ሌአርኮ ራሱ መስኮቱ ሥር አዲስ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል፣ ፈገግ እንዳለ። እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ከኤርሜስ ሚስት ጋር ብርጭቆ ታደርቃለች።

ዴሊዮ ምላጭ የያዘ ይመስል ጣቱን አንስቶ ጀመረ። "ጓዶች! ሦስት ዋንጫ አለው፣ ማን ይክዳል? ግን አራት መካኒክ አለው። ሁለት ትርፍ ሞተር አለው። አፍንጫውን የሚጠርግለት ሰው ሁሉ አለው! እኔን እዚያ ሞተር ላይ አስቀምጡኝ፣ አራተኛ ባልወጣ ሱቄን እዘጋለሁ!"

"አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህም ትወድቃለህ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ያንተን ጆሮ የቆረጥኩ ቀን ነው የወደቅኩት፣ ዝም በል!"

የችሎቱ ጸሐፊ የክፍሌ አስተማሪ መምህር ቶኒኒ ነበሩ። ብዕራቸውን አስቀምጠው "አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ። "ሞተሩን ከሰውየው ላይ አወጣን እንበል። ዕድሉንም አወጣን። ዝናቡንም አወጣን። የሚተርፈውን በምን እንለካዋለን?"

"እሱን እኮ ነው የምልዎት፣ መምህር! ምንም አይተርፍም!" አለ ዴሊዮ። ቤቱ አጨበጨበለት።

አባቴ ተነሳ። የእሑድ ሸሚዙን ለብሷል፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ግራሶ ግን አልለቀቀም።

"እኔ ዋንጫ አልጠራላችሁም" አለ። "ዋንጫ ይዝጋል። የፋብሪካውንም ነገር ለዴሊዮ ትቼለታለሁ። ታላቅ የሚባለውን ሰው ማወቅ ከፈለጋችሁ አሸናፊውን አትጠይቁ፣ ተሸናፊውን ጠይቁ። ስንት ሰው ተሸንፎ 'ጎማዬ ነው፣ ካርቡሬተሬ ነው፣ ዳኛው ነው' ሲል ሰምታችኋል? እኔ ራሴ ስንቴ ብያለሁ! አንድ ጊዜ ብቻ ግን የምለው አጣሁ። መጨረሻው ዙር ስገባ ዘጠኝ ሰከንድ እመራ ነበር። በዓይኔ ሰሌዳው ላይ አይቻለሁ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጫካ ውስጥ፣ በአንድ ዙር ዘጠኝ ሰከንድ የበላ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ቤቴ ገባሁ፣ ሞተሬን ሸራ አለበስኩ፣ በሰላም ተኛሁ። ተሸናፊውን በሰላም የሚያስተኛ ሰው፣ እሱ ነው ታላቅ።"

አንዳንዱ ብርጭቆውን ማንሳት ጀምሯል። ዴሊዮ ክሱ ሊያመልጠው ሲል ብድግ አለ።

"ወይም አንተ ፈርተህ ጋዝ ዘጋህ! ዘጠኝ ሰከንዱን እሱ አልበላውም፣ አንተ ነህ የጣልከው! ሰውየው ሻምፒዮን የሆነው በአንተ ፍርሃት ነው!"

ባሩ በሳቅ ፈነዳ። አባቴም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ዴሊዮ ከልጅነቱ ጀምሮ ጓደኛው ነው፣ ያሾፉበታል፣ ያሾፍባቸዋል። እኔ ግን ፊቱን አላየሁም። የሰማሁት የቤቱን ሳቅ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ቆምኩና "እኔም ምስክር ነኝ!" አልኩ።

"ምስክር ትቅረብ!" አለ ኤርሜስ ጠረጴዛውን በጠርሙስ እየመታ። "ስም?"

"ሚርና።"

"ዕድሜ?"

"ስምንት ተኩል።"

"እውነቱን ብቻ ልትናገሪ ትምያለሽ?"

"እምላለሁ።"

ለነሱ ጨዋታ ነበር፤ እኔ ግን ከልቤ ማልኩ። "አባቴ አልፈራም" አልኩ። "ዘጠኝ ሰከንድም አልጣለም። አንድ ሰከንድ ነበር። ሰዓቱን አይቻለሁ። ስምንቱን እማዬ ናት የጨመረችለት። እኔ አንድ ነው ስላት ዝም በይ አለችኝና ዘጠኝን ከሳጥኑ አውጥታ ሰካችለት። ስለምትወደው ነው።"

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። ማድረቋን አላቆመችም፤ ያንኑ የደረቀውን ብርጭቆ መልሳ መላልሳ ታብሰው ነበር።

አባቴ እኔን አላየም። እሷን ነበር የሚያየው። እሷ ቀና አላለችም። ከዚያ ሳቀ።

"የኔ ልጅ ቁጥር ገና አልለየችም!" አለ። "አንድና ዘጠኝ ይምታታባታል። ክቡር ዳኛ፣ ምስክሯን ያሰናብቱልኝ፣ የቤት ሥራ አለባት።"

ቤቱ ትንፋሹን ለቀቀና ሳቀ። እኔ ክው ብዬ መምህር ቶኒኒን አየኋቸው። በዚያው ሳምንት በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ብለው ደብተሬን ለልጆቹ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል ይናገሩልኛል ብዬ ጠበቅኩ። የብዕራቸውን ክዳን ይከፍታሉ፣ ይከድናሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ሌአርኮም ቀና አላለም። እሱ ያውቅ ነበር። ፊትህ ያለው ሰው ጋዝ ሲዘጋ ድምፁን ትሰማለህ፣ ጀርባው ቀና ሲል ታያለህ። ከነሐሴ እስከ የካቲት አባቴ በየሄደበት ሲያወድሰው እየሰማ አንድ ቀን "ኔሪዮ፣ አንተ እኮ ቀንሰህ ነበር" አላለውም። ዛሬ ድረስ ይህን ሰው ይቅር አላልኩትም። ሞቷል፣ አሁንም አላልኩትም።

መጀመሪያ ብርጭቆውን የደፋው አባቴ ነው። ከዚያ ሌላው ሁሉ ደፋ፤ ዴሊዮ ሳይቀር። ሜዳው በሌአርኮ ስም ተሰየመ፣ የልጅ ልጆቼ እዚያ ኳስ ይጫወታሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ እጄን የያዘኝ የለም። አባቴ አንድ ዳር፣ እናቴ አንድ ዳር፣ እኔ በመካከል ብቻዬን። አባቴ ሰው ፊት ውሸታም ያደረገኝ ከኔ ይልቅ ሌአርኮን ስለሚወድ መሰለኝ። እራት ላይ ሾርባው ቀርቦ ማንም ማንኪያ ሳያነሳ አባቴ ጠየቀ።

"ስንት ነበር?"

"ኔሪዮ..."

"ስንት ነበር፣ ኢሪዴ?"

"አንድ" አለች። "ከአንድም ትንሽ ያነሰ።"

አባቴ ሳቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ብዙ ሳቀ። ታረቁ ብዬ ሾርባዬን ጠጣሁ። ሲስቅ እንዳልነበረ የገባኝ ትዳር ይዤ፣ የራሴን ባል እንደዚያ ሆኖ ካየሁት በኋላ ነው።

እናቴ ያን ቀን ያሰበችውን የነገረችኝ ፀጉሯ ከሸበተ ወዲያ ነው። "ተሸነፍ አላልኩትም" አለች። "ቀስ በል ነው ያልኩት። ቀስ በል ብለው አይሰማኝም፤ ዘጠኝ ብለው ግን ይሰማኛል። አትቸኩል፣ ጊዜ አለህ ማለቴ ነበር። ያቺ ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ። ሁለት ሰዓት አንገቴ ላይ ነበር፤ የእሷም ሁለት ሰዓት አንገቷ ላይ ነበር።" ከዚያ "ደግሞም አልዋሸሁትም ብዬ አላውቅም" አለች።

ከችሎቱ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አባቴ ሸራውን ገፈፈ። ሞተሩን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። እኔ ዘለልኩ። አዳንኩት ብዬ ነበር፤ እውነቱን ነግሬ አባቴን ወደ ውድድር መለስኩት! በዚያ ፀደይ አራት ጊዜ ተወዳደረ። ሰሌዳ የያዘለት ዴሊዮ ነው፤ እናቴ ቤት ቀረች። የመጀመሪያው ላይ አሥራ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው ላይ አሥራ አራተኛ። ሦስተኛው ላይ ወድቆ የጎድን አጥንቱ ተሰነጠቀ። አራተኛው ላይ ዘነበ፤ ተስፋው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ደረቱን በፋሻ ጠፍሮ ወጣና መጨረሻ ገባ። ዴሊዮ አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ ትክክለኛውን ቁጥር ሲያሳየው ነበር። "እያንዳንዱን ቁጥር ሳሳየው እጄ ይዝል ነበር" ብሎኛል በኋላ።

ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ታላቅ የመሆን ቀን አንድ ብቻ ነበረው፤ እሱም ባለፈው ነሐሴ ጫካ ውስጥ አልፏል። እናቴ የወሰደችበት ያቺን ነበር፤ ሌላ አልነበረችውም። እኔ ደግሞ ያቺ ቀን እንደነበረችው ነገርኩት። ከሁለታችን ማን የባሰ እንዳደረገ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

አልተለያዩም። አልተደባደቡም፣ አልተሰዳደቡም። አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ከእናቴ አፍ ቁጥር መቀበል አቆመ። ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጎረቤት ይጠይቃል። የዳቦ ዋጋ ስትነግረው ዳቦ ጋጋሪው ጋ ሄዶ ያጣራል። አሥር ዓመቴ ላይ ትኩሳት ይዞኝ እናቴ ቴርሞሜትሩን አይታ "ሠላሳ ስምንት ነው፣ ይወርዳል" አለች። አባቴ ከእጇ ተቀበላት፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው፣ ሠላሳ ስምንት ነበር፣ መለሰላት። እናቴ ቴርሞሜትሩን እንደያዘች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ አርባ አንድ ዓመት ኖሩ።

በ2015 መጋቢት አባቴ ሆስፒታል ገባ። ሳንባው ነበር። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርታ "ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን" አለችኝ። እናቴ እየገባች ፀጉሩን ታበጥርለታለች፣ ትራሱን ታስተካክልለታለች፣ ተመልሳ ውጭ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። አንድ ከሰዓት እሷ እንደወጣች አባቴ በሩን እንድዘጋ ምልክት ሰጠኝ።

"ያኔ፣ ኤርሜስ ባር" አለ። "ቁጥር አታውቅም ያልኩሽ።"

"ተወው፣ አባዬ።"

"ታውቂ ነበር።" አረፍ ብሎ ተነፈሰ። "በዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ይህን ቃል አርባ አንድ ዓመት ጠብቄዋለሁ። አለቀስኩ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"አሁንም አንቺን ነው የምጠይቀው" አለ። "እናትሽን አልጠይቅም። ስንት ቀረኝ?"

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። የቆዳውን ቢጫነት አየሁ፣ አንሶላው ላይ የተዘረጉትን እጆቹን አየሁ። "እስከ መስከረም ይሄዳል ብለዋል" አልኩት።

ትከሻው ሲላላ አየሁት። "እስከ መስከረም" አለ። "እንግዲያማ ጊዜ አለ። ለእናትሽ የምነግራት ነገር ነበረኝ። ዛሬ ግን ደክሞኛል፣ ደህና አድርጌ ልንገራት። ቤት ስመለስ፣ ትንሽ ሲሞቅ።"

"አሁን ልጥራት? ውጭ ናት እኮ።"

"ምን አስቸኮለሽ?" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። እናቴ ውሃ ልትገዛ ወደ ታች ወርዳ ነበር። ምን ሊላት እንደነበር አላውቅም። ይቅርታ ሊሆን ይችላል፤ እርግማንም ሊሆን ይችላል፤ አርባ አንድ ዓመት የቆየ ነገር ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ከቀብሩ ተመልሰን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ጥቁር ሻሿን እያጠፈች ጠየቀችኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር።

"አባትሽ ስለ እኔ ያለው ነገር ነበር?"

"ይቅር ብያታለሁ ብሏል" አልኳት። "ራሴ ልነግራት ነበር፣ ደከመኝ፣ አንቺ ንገሪልኝ አለኝ።"

እናቴ ሻሿን አስቀመጠችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ።

"ስትዋሺ እኔን ትመስያለሽ" አለችኝ።